ጁምዓ ጁምዓ ጀበል አውሊያ

በዚያ በጋ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጁምዓ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ መተኛት። ሳምንቱን ሙሉ በሱዳን ዋና ከተማ፣ አርካዊት ሰፈር ባለ አንድ ቤት ውስጥ አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ አበስላለሁ፣ አንድ ሽማግሌ እጠብቃለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ሐፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሳጃና ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ ከአንዲት የደሴ ልጅ ጋር የተከራየናት ክፍል ነበረችን። እሷ ዐማራት ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች፤ እንደኔው ጁምዓን የምትጠብቀው ለእንቅልፍ ነው። መስኮቱ ላይ የተገጠመው የውኃ ማቀዝቀዣ እያጓራ፣ እኛ በየፍራሻችን ተዘርግተን፣ አዛን እስኪሰማ ድረስ አንዲት ቃል አንነጋገርም። ከዚያ ታጥበን፣ ሰግደን፣ ያለውን በልተን ተመልሰን እንተኛለን። ዕረፍታችን ይኸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል አሠሪዬ ወደ ወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዑስታዛ ነው የምላት፤ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከባሏ ተፋታ ከአባቷ ጋር የምትኖር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ክፉ ቃል የማይወጣት፣ ሳቅም የማታበዛ ሴት ነበረች። በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ላስቸግርሽ ነው» አለችኝ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«አባቴ ነው። ቤት ተዘግቶ ሲውል ይብስበታል፣ አውጡት ብሎኛል ሐኪሙ። እሱ ደግሞ እንውጣ ሲሉት የሚያስበው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጀበል አውሊያ ሄዶ ዓሣ ማጥመድ።»

«ታዲያ ጁምዓ ከአንቺ ጋር ቢሄዱ አይሻልም? ያን ቀን ትምህርት ቤት የለሽም።»

«እኔ እዚያ አልሄድም።»

ለምን እንደማትሄድ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ጁምዓ አንቺ ውሰጂው፣ በምትኩ ሰኞን ዕረፊ አለችኝ። ሰኞ ምን ዕረፍት አለው? የደሴዋ ልጅ ሥራ ላይ ናት፣ መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ሻጩ አህያውን እየነዳ በር ለበር ይጮኻል። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የምታሳድስልኝ እሷ ናት፤ ከዚያም በላይ ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ። እሺ አልኩና ፌስታሉን መልሼ ክፍሌ ወረወርኩት።

ሽማግሌውን ሐጅ ነው የምንላቸው። በጉልበታቸው ዘመን ነጭ ዓባይ ላይ በሚመላለሱ መርከቦች ላይ መካኒክ ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው ትልልቅ ነው፤ ሲያረጁ ሰውነታቸው ቢከሳም እጃቸው እንደድሮው ቀርቷል። እኔ ሥራ ስጀምር ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተው ነበር። የሐጁ ራስ መርሳት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ ጎረቤቶች። ቁርስ በልተው ቁርስ አልሰጣችሁኝም ይላሉ። የመጸዳጃ ቤቱን በር ትተው የጓዳውን ይከፍታሉ። እኔን አንዳንድ ቀን ያ ቢቲ፣ ልጄ ይሉኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ማን እንደሆንኩ ግር ብሏቸው እንግዳ መስዬአቸው ተቀመጪ፣ ሻይ ይምጣልሽ ይሉኛል። ሻዩን የማመጣው እኔው ነኝ።

ጁምዓ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አምጃድ የምትባለዋ ትንሽ መኪና በር ላይ መጣች። ሐጁ ቀድመውኝ ተነስተው፣ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ባልዲያቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደቀሰቀሳቸው አላውቅም። ሁለት የቀርከሃ ዘንጎቻቸውን በጣሪያው ላይ አስረን ወደ ደቡብ ሄድን። ከላክላ የሚባለውን ሰፈር አልፈን፣ አስፋልቱ እየተሰነጠቀ፣ ቤቱ እየሳሳ ሲሄድ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ። ስነቃ ጀበል አውሊያ፣ ግድቡ ጋ ደርሰናል።

ከግድቡ በላይ ነጩ ዓባይ ወንዝነቱን ይተውና ሐይቅ ይሆናል። ማዶው አይታይም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ሐይቅ ዳር ነው፤ የኛ ሐይቅ ግን ተራራ ዙሪያውን ይዞታል፣ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። ይኼኛው ሜዳ ላይ የፈሰሰ ውኃ ነው። በበጋ ደግሞ ግድቡን ስለሚለቁት ውኃው ይሸሻል፤ ዳርዳሩ ጭቃ ይሆናል፣ ጀልባ ጋ ለመድረስ ጫማ አውልቆ መራመድ ነው። ሐጁን ክንዳቸውን ይዤ ጭቃውን ስናቋርጥ፣ ቤት ውስጥ ሳልደግፋቸው ደረጃ የማይወርዱት ሰውዬ እኔን መሳብ ጀመሩ።

«ወደ ቀኝ ያ ቢቲ። እዚያ ጋ ያሰምጣል» ይሉኛል።

ጀልባው የአንድ የዕድሜ ልክ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሁሉም ራይስ፣ የጀልባው አለቃ፣ ይለዋል። ሐጁን ሲያይ ግንባራቸውን ሳመ።

«የት ጠፍተው ነው?» አላቸው።

«የትም አልጠፋሁ። ባለፈው ሳምንት አብረን አልነበርንም?» አሉት።

ራይስ ወደኔ ተመለከተ፤ ራሴን ነቀነቅኩለት። «አዎ፣ ነበርን» አለ፤ ከዚያም ደግፎ ወደ ጀልባው አስገባቸው።

የሚያጠምዱት ቡልቲ ነው። እኛ አገር ቆሮሶ የምንለው፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ መጥበሻ ላይ ሦስት የሚተኛ ዓሣ። ራይስ በር የሚያህል ዓሣ በመረብ ያወጣል፤ ሐጁ ግን ሌላ አይፈልጉም። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆርጠው የሠሯትን ተንሳፋፊ ክሩ ላይ ያስራሉ፣ መንጠቆው ላይ ትል ወይም የዳቦ ሊጥ ይሰካሉ፣ ሳሩ ወዳለበት ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ይጥሉታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቡልቲ ቶሎ አይውጥም፣ ይነካካል። ተንሳፋፊዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትንቀጠቀጣለች። የቸኮለ ሰው ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ሐጁ አይቸኩሉም። ጠዋት የበሉትን የማያስታውሱት ሰውዬ ዓሣው መቼ እንደሚውጥ በጣታቸው ያውቁ ነበር።

እኔ ምን ሠራሁ ቢባል ተኛሁ። ጀልባው ጫፍ ላይ ጥላ የሚሆን ሸራ ነበር፤ ከሥሩ ተጠቅልዬ እንቅልፌን ለመቀጠል ሞከርኩ። ሙቀቱ ግን ከላይ ከሸራው፣ ከታች ከውኃው ይመጣል። ልብሴ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ዝንብ አለ። ገና ጠዋት ሳለ ራሴን ያመኝ ይጀምራል። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ የዓሣው ሥራ ይጠብቀኛል፤ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ መፋቅ፣ ሆዱን መቅደድ፣ ማጠብ፣ ዱቄት ነስንሶ መጥበስ። የጀርባው እሾህ ጣቴን ይወጋኛል። ማታ ተኝቼ እንኳ እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸተኛል።

ዑስታዛ ከዚያ ዓሣ አትቀምስም ነበር። መጥበስ ስጀምር ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ሐጁ በሎሚና ሸጣ በሚሉት ሚጥሚጣ እያጣፈጡ ሲበሉ «ልጅቷስ?» ይሉኛል። ጠግባለች እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሳህን ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

«ትንሽ ቅመሺ፣ ትኩስ ነው» አልኳት።

«ሽታውን አልወደውም፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ዓይኗ ግን ዓሣው ላይ ሳይሆን ባልዲው ላይ ነበር፤ በኮሪደሩ ላይ ሐጁ የተዉት።

በጋው እንዲህ ቀጠለ። ሰኞ ሰኞ ሳጃና ሄጄ ብቻዬን እተኛለሁ፤ የደሴዋ ልጅ ማታ ስትመጣ እኔ ለመመለስ እነሳለሁ። አንድ ክፍል እየተከራየን ለሳምንታት ሳንተያይ ቀረን። ሐሙስ ማታ ጓሮ ቧንቧው ሥር ካለው እርጥብ አፈር ትል እቆፍራለሁ። ጁምዓ ጀልባ። አንድ ጠዋት ሐጁ ሁለተኛውን ዘንግ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ያዢው ብቻ፣ ሌላ ምንም አታድርጊ አሉኝ። ያዝኩት። ክሩ ላይ ያለውን ትንሿን መነካካት በጣቴ ስሰማው እንቅልፌ ጠፋ። ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል፤ ግን እዚያ ቁጭ ብዬ ዘንግ ስይዝ ማንም አይጠራኝም፣ ማንም አምጪ አይለኝም። ከዚያ ወዲያ አልተኛም ነበር። ድካሙ ያው ነው፤ ተቀምጦ መድከም ግን ቆሞ ከመድከም ይሻላል።

አቧራው የመጣው ከበጋው እኩሌታ በኋላ ነው። ጠዋቱ ነፋስ አልነበረውም፤ ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ቡልቲው ደህና ይበላ ነበርና ከወትሮው ራቅ ብለን ገብተናል። ራይስ ድንገት መቅዘፉን አቆመና ወደ ደቡብ አየ። እኔም አየሁ። ከሰማይና ከውኃው መሐል ቡናማ ግድግዳ ቆሟል። ከተማ ውስጥ ሐቡብ የሚሉትን የአቧራ ማዕበል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መስኮት ዘግቶ፣ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፎ መጠበቅ ነው። ውኃ ላይ ግን የሚዘጋ መስኮት የለም።

«ያላ፣ ወደ ሳሩ» አለ ራይስ።

ዳርቻው ሩቅ ስለነበር ረጅም ሳር ወደበቀለበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ቀዘፈና ጀልባውን ሳሩ ውስጥ ሰነቀረው። ድንጋዩን በገመድ ጣለ። ሸራውን አወረደና ሐጁንና እኔን ከሥሩ ጋርዶን እሱ ወደ ጫፉ ሄዶ ገመዱን ያዘ። ከዚያ ደረሰብን። ቀኑ ቀይ ሆነ፣ ወዲያው ጨለመ። ሸራው እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ጀልባው ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ውኃ ወደ ውስጥ ይረጫል፤ ውኃው ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኖ ፊታችን ላይ ያርፋል። መዋኘት አልችልም። ሐይቅ ዳር አድጌ መዋኘት አልችልም፤ ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች እንጂ አትዋኝም ነበር። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያደባለቅኩ አልኩት።

ሐጁ እጄን ያዙኝ። የፈሩ አይመስሉም።

«ያ ሐጃ» አሉኝ።

ሚስታቸውን እንደዚያ ነበር የሚጠሩት። ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ እያዩ እንደዚያ ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ያ ሐጃ፣ ያን ቀን ደህና ነኝ፣ ሂድ ስላልሽኝ ነው የሄድኩት። ፊትሽን አይቼዋለሁ። ደህና እንዳልነበርሽ አይቻለሁ። ግን ያን ሰሞን ዓሣው ጥሩ ይበላ ነበር፣ ልቤ እዚህ ነበር። ስመለስ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ባልዲውን እንኳ አላስቀመጥኩትም ነበር፤ ዓሣው ውስጡ ይንፈራገጣል፣ እሷ እናቴ ሞተች ትለኛለች።»

አቧራው ጉሮሮዬን ይዞኝ ነበር። እሳቸው ግን በለሆሳስ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ሳሎን ቁጭ ብለው እንደሚያወሩ ነበር የሚያወሩት።

«ሳምሒኒ ያ ሐጃ» አሉኝ። ይቅር በዪኝ ማለታቸው ነው። መልስ ሲያጡ እጄን ጨበጡና ደገሙት። ከዚያም ደገሙት። እኔ አይደለሁም፣ ሠራተኛዋ ነኝ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ምን እንዳደረገኝ እንጃ፤ ምናልባት የምንሞት መስሎኝ ይሆናል፣ ምናልባት ድምፃቸው ነው። ሰው ሲለምን እንደዚያ የሚደክም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ሳመሕታክ ያ ሐጅ» አልኳቸው። ይቅር ብዬሃለሁ።

«ወላሂ?»

ወላሂ ማለት አልቻልኩም። ባልሆነ ነገር በአላህ ስም አልምልም። «ሳመሕታክ» ብዬ ብቻ ደገምኩላቸው። እጄን ለቀቁኝ፤ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነፋሱ እየቀነሰ ሲሄድ ራይስ ሸራውን ገለጠው። ቅንድቡና ጢሙ አንድ ቀለም ሆኖ ነበር፤ እኛም እንደዚያው። ከጀልባው ውኃውን በባልዲ እየጨለፍን አወጣን። የያዝነው ዓሣ ከውኃው ጋር ሄደ፤ ማናችንም አላሰብነውም።

ቤት ስንደርስ ዑስታዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ስልኳ እጇ ውስጥ ነው። ጭቃ የለበሰ አባቷን ስታይ ፊቷ ምን እንደሆነ አሁንም ይታየኛል። ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ እኔ አጠብኳቸው፣ ንጹሕ ጀለቢያ አለበስኳቸው፣ ሳሎን አስቀመጥኳቸው። ወጥ ቤት ገብቼ የራሴን ፊት ስታጠብ ከሳሎን ድምፃቸውን ሰማሁ።

«እናትሽ ይቅር ብላኛለች» አሏት።

ብዙም ሳይቆይ ወጥ ቤት መጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ምን አልሽው?» አለችኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«እኔ ነበርኩ ያን ቀን በሩ ላይ የቆምኩት» አለች ስጨርስ። «ስደውልለት ስልኩ አይነሳም። እናቴን እቅፍ አድርጌ መኪና መኪና እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። እሱ ዓሣ ይዞ መጣ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ስለዚያ ነገር አላወራኝም። እኔም አላወራሁትም። አሁን አንቺ እናቴን ሆነሽ ይቅር አልሽው። ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን?»

ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አሸዋ አለ። «ደክሞኝ ነበር» አልኳት። «እሳቸውም ደክሟቸው ነበር። አንዲት ቃል ነበር የሚለምኑኝ። እዚያ ሌላ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም።»

እቃ ማጠቢያው ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ አንስታ ደረቅ መሆኑን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። «ከእንግዲህ አይሄድም» አለችና ወጣች። አላባረረችኝም፤ እንደምታባርረኝ ግን ለቀናት ጠበቅኩ።

ጁምዓዬ ተመለሰልኝ። ሳጃና ሄጄ ከደሴዋ ልጅ ጎን ተዘረጋሁ። የተመኘሁት ይኸው ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወስደኝ አለ። ዓይኔ በማለዳ ይከፈታል። ጣሪያውን እያየሁ ሐጁ አሁን ተነስተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል እላለሁ። ቅዳሜ ስመለስ ዑስታዛ ፊቷ ጠቁሮ አገኛታለሁ። እንደነገረችኝ፣ ሐጁ ጁምዓ ሲሆን ባልዲያቸውን ይዘው የውጭው በር ጋ ይቆማሉ፤ መኪናው አልመጣም እያሉ። እሷ ዛሬ ጁምዓ አይደለም ትላቸዋለች። ከመስጊዱ ኹጥባው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ይሰሙታል። ከዚያ አይበሉም፤ አይቆጡም፣ ዝም ብለው ሳህኑን ይገፉታል። አንድ ቀን ከበሩ ወጥተው አስፋልቱ ድረስ ሄደው አንድ የረክሻ፣ የባጃጅ፣ ሹፌር መልሷቸዋል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልሄድ ፌስታሌን ስይዝ ዑስታዛ ጠራችኝ። ጓሮው ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ እጇ ውስጥ የወጥ ቤት ማንኪያ አለ።

«ይህ ትል የት ነው የሚገኘው?» አለችኝ።

«ቧንቧው ሥር» አልኳት። ፌስታሉን አስቀምጬ ከጎኗ ተንበረከክሁ።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት በምትመላለስባት መኪናዋ ሄድን። ግድቡ ጋ ስንደርስ ውኃው መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ በሮቹን ዘግተዋቸዋል፣ ጭቃው ከግማሹ በላይ ተሸፍኗል። ሐጁን ይዤ ወረድኩ። እሷ መኪናው ውስጥ ቀረች፤ መስታወቱን ዘግታ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ። ከዳርቻው ሆነን ማጥመድ ጀመርን፤ ያን ቀን ጀልባ አልፈለግንም። ራይስ መጥቶ ሰላም አለንና የመኪናውን ነገር አይቶ ወደ ጀልባው ተመለሰ።

ፀሐይዋ ስትበረታ ሞተሩ ጠፋ። በሩ ተከፈተ። ዑስታዛ ጫማዋን አውልቃ፣ የምትከናነበውን ረጅም ቶቧን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ጭቃውን እየረገጠች መጣችና ከአባቷ ጎን ቆመች። ሐጁ ቀና ብለው አዩዋት። ያን ቀን ቀናቸው አልነበረም፤ ከመኪናው ስንወርድ እኔንም አላወቁኝም።

«አህለን፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት በእንግዳ አክብሮት። «ማጥመድ ትችያለሽ?»

ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ። «አልችልም» አለች።

«ቁጭ በይ። አይከብድም።»

ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ በዚያ ንጹሕ ቶቧ። ዘንጉን ሰጧት፤ ትሉን ራሳቸው ሰኩላት። ተንሳፋፊዋን ባየሽ ቁጥር አትሳቢ፣ ይነካካል፣ ተዪው ይነካካ አሏት። ብዙ ቆዩ። እኔ ፈንጠር ብዬ ተቀመጥኩ።

«እኔም ልጅ አለችኝ» አሏት ሐጁ። «አስተማሪ ናት። ጎበዝ ናት። ዓሣ ግን አትወድም።»

«ለምን አትወድም?»

«ተቀይማኛለች» አሉ። ዓይናቸው ከተንሳፋፊዋ አልተነቀለም። «እውነቷን ነው።»

ተንሳፋፊዋ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች። «አሁን» አሏት፤ ሳበች። ትንሽ ቡልቲ ነበር፣ ለመጥበስ እንኳ የማይበቃ። መንጠቆውን ሐጁ አወጡላት። እሷ ዓሣውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐጁ ግራ ተጋብተው ወደኔ ዞሩ።

«እሾሁ ወግቷት ነው» አልኳቸው።

«እጅሽን ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ ይሻልሻል» አሏት። እጇን ራሳቸው ይዘው ውኃው ውስጥ ነከሩላት፤ ዓሣውም ሄደ። እጇን ቶሎ አልለቀቋትም፤ እሷም አልጎተተችውም።

ይቅር አለቻቸው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር አላውቅም ነው የምለው። እሷም አልነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ውኃው ሞልቶ ዳርቻው እስኪጠፋ ድረስ ጁምዓ ጁምዓ እሷ ወሰደቻቸው፤ እኔ ሳጃና ቀረሁ። አንዳንዴ ጥቂት ዓሣ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ቅዳሜ ስመለስ በጨው ተለውሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘዋለሁ። ቅርፊቱን ራሷ ፍቃዋለች፤ ግማሹ ግን እንዳለ ነው። መጥበሱን ለእኔ ትተወዋለች፤ በሯን ግን አትዘጋም ነበር።

ሐጁ በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ አልጋቸው ላይ፣ ጠዋት ሞቱ፤ አላህ ይርሐማቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዑስታዛ በአስዋን በኩል ወደ ካይሮ ወጣች፤ እኔና የደሴዋ ልጅ በገዳሪፍ አድርገን፣ ከሰው ጋር ተጫጭነን፣ መተማ ገባን። አርካዊት ያለው ቤት ምን እንደሆነ እኔም ዑስታዛም አናውቅም። ሰው ገብቶበታል ያለንም አለ፣ ተቃጥሏል ያለንም አለ።

አሁን ኮምቦልቻ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ዑስታዛ አልፎ አልፎ በስልክ ትደውልልኛለች። ካይሮ ውስጥ የሱዳን ልጆች ታስተምራለች፤ ክፍሉ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው ትለኛለች። እኔም የኔን እነግራታለሁ። ስለዚያ ቀን ጀልባ ውስጥ ስለተባለው ነገር ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ድካም ነው፤ የእግር ሕመም፣ የቤት ኪራይ፣ የማይመጣ እንቅልፍ። ከዚያ አላህ ይጠብቅሽ ተባብለን እንዘጋለን፤ እኔም ሽርጤን አስሬ ወደ ምድጃዬ እመለሳለሁ።